የግራ ጉልበቴ ልክ

ሰኞ 3

ሾመችኝ። ሥራ ቤቱን ለእኔ ትታ ልትሄድ ነው፤ ለቆራጩ አይደለም፣ ለእኔ። እንዴት ዋልክ ደብተሬ፣ ሰላምታውን ደስታ ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ ልጇ ልትወልድ ስለደረሰች ስድስት ሳምንት እሷ ዘንድ ልትከርም ነው። ዛሬ በምሳ ሰዓት ቆራጩን፣ የካውያዋን ሴትና ሁለቱን የስፌት መኪና ልጆች ሰብስባ፣ እስክመለስ አለቃችሁ እሷ ናት ብላ በጣቷ አሳየችኝ። እኔም ወደኋላዬ ዞሬ ማንን ነው የምትለው ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ለብቻዬ ጠርታ ዋናውን ነገረችኝ። ስትመለስ ሥራ ቤቱ እንደተወችው ቀጥ ብሎ ከጠበቃት ሸሪክ ታደርገኛለች። ሸሪክ! የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ ቤት ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ከወለል ሆኜ ነው ያየሁት።

ቆራጩ እጄን ጨበጠኝ። "መቀስ" እንለዋለን፤ ቀጭን ነው፣ ምላሱም ይቆርጣል። ወሬ ስለማላቋርጥ እኔን "ራዲዮ" ብሎ የሰየመኝም እሱ ነው። እንኳን ደስ አለሽ አለና ቀጥሎ፣ አለቃ እኮ ቆሞ ነው የሚውለው፣ አንቺ ደግሞ ተንበርክከሽ ነው የምትውዪው፣ ሁለቱን እንዴት ልታስኬጂው ነው አለኝ። ቅናት ነው።

ማታ ለአባወራዬ ነገርኩት። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቃል እንደ ብሎን ቆጥሮ ነው የሚያወጣው። "ጥሩ ነው" አለ። ለእሱ ይሄ ንግግር ነው።

ረቡዕ 5

አለቃዬን ሸኘናት። ትልቁ ሥራችን የሐኪሟ ቬሎ ነው። ሙሽራዋ ሐኪም ናት፣ ስምንት ሚዜ አላት፣ ሠርጓ በመጪው ወር እሑድ 14። ዛሬ የአራቱን ሚዜዎች ጠርዝ ያዝኩ። የእኛ ቤት ደንብ ከድሮ ጀምሮ አንድ ነው። ደንበኛ ወለል ላይ ይቆማል፣ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ በጉልበቷ እየሄደች ዙሪያውን ትሰካለች። እኔ በግራው እንበረከካለሁ፣ በቀኙ እነሳለሁ። አለቃ ከሆንኩም በኋላ እንደዚያው ነው፤ ጠርዝ ለሌላ ሰው እጅ አይሰጥም።

ቅዳሜ 8

የቀሩትን አራት ሚዜዎች ጨረስኩ። ግራ ጉልበቴ ነፋ ብሏል፣ ልክ ከሎሚዋ በላይ። ሎሚ ያልኩት የጉልበቱን አጥንት ነው። ሙያዬ ነውና በሜትር ለካሁት። ቀኝ 41፣ ግራ 42 ተኩል። ግማሿን የሜትሩ ጥፋት አድርጌ ተውኳት። ግራ 42።

ማክሰኞ 11

ሰው ሁሉ የሚያበድረኝ የራሱን በሽታ ነው። ታናሽ እህቴ በስልክ ሪህ ነው አለች፤ እሷ ሪህ አለባትና። የሷ ሌሊት ድንገት ተነስቶ አንሶላ ሲነካው እንኳን ያስጮኻት ነበር፣ የኔ ግን ቀስ ብሎ የመጣ ጨዋ እብጠት ነው ብላት፣ እትዬ ሪህም እንደ ሰው ጠባዩ ይለያያል አለችኝ። የተረፋትን ክኒን ላከችልኝ። የካውያዋ ሴት እርጅና ነው አለች፤ የሷ እናት ጉልበታቸው አልቆ አጥንት ባጥንት ነው። መቀስ መውደቅሽን ረስተሽው ይሆናል አለ፤ እሱ በወጣትነቱ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠምዝዞ ጅማቱ ተበጥሷል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ኳሱ አበጠ እያለ ሠላሳ ዓመት ያወራል።

ክኒኑን ይዤ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ለጎረቤቴ ነው አልኩት ፋርማሲስቱን። ጎረቤትሽ የሰው ክኒን አትዋጥ አለኝ። ቀጠለ፦ ወድቃለች? አልወደቀችም። ይሞቃል? ትንሽ። ሥራዋ ምንድን ነው? መንበርከክ። በቃ መንበርከኩን ትተው፣ ትረፍ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ ትቀመጥ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሩብ ሰዓት ያህል ትያዝበት። በጥቂት ቀን ካልጎደለ ትታይ። ግን ከቀላ፣ በጣም ከሞቀ፣ ትኩሳት ካመጣ፣ ወይም ማጠፍና መርገጥ ካቃታት በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ አለ። ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ለጎረቤቴ እነግራታለሁ።

ዓርብ 14

43። ሚዜ ቁጥር አራት በአሥር ቀን ወፍራ መጣች። የቀሚሷ ጎን ተፈታ። ስቆም ስቀመጥ ዋልኩ። ጊዜ የለም።

እሑድ 16

ዛሬ ዕረፍት ስለሆነ ተቀምጬ ሥራ ሠራሁ። ለጉልበቴ ልብስ ሰፋሁለት። ከቬሎው ወገብ የተረፈ ጠንካራ ጨርቅ፣ ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴት ቀጭን ሽቦ፣ ከውስጥ ቀይ የሳቲን ገበር፣ ከኋላ ማሰሪያ። ካማሩልኝ ሥራዎች አንዱ ነው። ጥብቅ አድርጌ አስሬ ሰዓት ያህል ቆይቼ ፈታሁና ለካሁ፦ 42። ይኸው ቀነሰ።

አባወራዬ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። "ውሃ ሲጠራቀም ምንጩ ይፈለጋል እንጂ ቱቦው አይታሰርም" አለ። ሰባት ቃል። የሚጨነቅ ይመስለኛል። ጉልበቴ ቱቦ አይደለም አልኩትና ተሳሳቅን፤ እሱ ቀድሞ ተወው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሜትር ሲለካ ሳብ ማድረግ ይቻላል። ለሚከፋቸው ሙሽሮች ስል ሃያ ስድስት ዓመት ሳብ ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ ቁጥሯን አይታ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ እኔ ጨርቁን በትክክለኛው እቆርጣለሁ። ዛሬ ሳብ አድርጌ ይሆናል።

ማክሰኞ 18

ሚዜዎቹ ለሁለተኛ ልክ መጡ፣ ስምንቱም በአንድ ቀን። ወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል ጉልበቴን ወጋኝ፣ በልብሱ ጠርዝ ሥር ገብቶ። ነቅዬ ከንፈሬ ላይ መለስኩት፤ በዚህ ሙያ በስፒል መወጋትን የሚቆጥር ሰው የለም። የሚዜ ቁጥር ሁለት እናት የጉልበቴን ልብስ አይተው አንድ እንድሰፋላቸው ለመኑኝ፤ ለሳቸው ገበሩ ሰማያዊ እንዲሆን ይፈልጋሉ። አዲስ የሥራ መስክ ከፈትኩ ማለት ነው። አለቃዬ ስትሰማ!

ሐሙስ 20

44፣ ሳልስብ። ቆዳው ቀላ ብሏል። ገበሩ ቀለም እየለቀቀ ነው። ቆዳዬን በሳሙና አጠብኩት፣ አልለቀቀም። ጥሩ ቀለም ነው።

ቅዳሜ 22

የካውያዋ ሴት ምሳ ሰዓት ላይ አየችው። በዚህ ቤት እጅ ውሃ ሲቋጥር መርፌ በእሳት አሙቀን መብሳት ልማዳችን ነው፤ እሷም ቁጥር ዘጠኝ መርፌ ክብሪት ላይ ይዛ መጣች። እኔም እግሬን ዘረጋሁላት፣ እውነቱን ለመናገር። መቀስ ከጠረጴዛው መጥቶ መርፌውን ከእጇ ወሰደና ወደ መርፌ መሰኪያው መለሰው። "ይሄ ጨርቅ አይደለም። ከተበላሸ ሌላ አንቆርጥም" አለ። ከዚያ ለእኔ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂጂ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንድሄድለት ይፈልጋል። አንድ ቀን ከቀረሁ ያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ነው። ከሰዓት በኋላም መጋረጃው ኋላ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "እኔ አልነግርሽም። ራሷ ትንገርሽ" ይላል። ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቆ ማወቅ አያስፈልግም። ሥራ ቤቱ ቀጥ ብሎ ይጠብቀኝ ነው ያለችው አለቃዬ፤ እሱ ደግሞ ራዲዮ እያነከሰች ነው ሊላት ነው። ሲወጣ ደህና እደሪ አለኝ፣ አልመለስኩለትም። አሁን ሳስበው ደስ አይልም።

ሰኞ 24

አውቶቡሱ ላይ ስወጣ አንድ ሽማግሌ ቦታቸውን ለቀቁልኝ። እኔን! ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ሰፊ ቀሚስ ለብሼ ነው የምሄደው፣ እንዴት አወቁ?

የካውያዋ ሴት ጣቷን ተቃጥላ ነበር፤ ዛሬ ሳያት ቀልቷል፣ ዙሪያው ይሞቃል። ቆጣ ብዬ ሐኪም ቤት ላክኋት። ቀይ የሆነና የሚሞቅ ነገር ተይዞ ይታደራል ወይ፣ ሰው ራሱን እንዲህ ይጠላል ወይ አልኳት። ልጆቹ ከመኪናቸው ቀና ብለው አዩኝ። አለቃ እንዲህ ነው፣ ለሠራተኛው ይቆረቆራል። እሷም ሄዳ ቅባት ተሰጥቷት መጣች፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም።

45።

ረቡዕ 26

ብርድ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳን። ሌላ ሰው አልበረደውም። አይታጠፍም። 46 ተኩል። ነገ የሙሽራዋ ዋና ልክ ነው፣ ከነገ በኋላ አያለሁ።

ዓርብ 28

ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምጽፈው። በክንዴ መድኃኒት እየገባ ነው። ቀን ነው፣ ፋታ አለኝ፣ ሁሉንም ልንገርህ።

ሙሽራዋ ትናንት ከሥራዋ ወጥታ መጣች። ቬሎው በስፒልና በጊዜያዊ ክር ተያይዞ ስለነበር በቀስታ አለበስናት። እንዴት እንዳማረባት! ፊቷን ወደ መስታወቱ እስክታዞር ጠብቄ ተንበረከክሁ፣ በቀኙ። ቀኙ አልለመደም፣ ይወላውላል። ክብደቴን ወደ ግራው አዛወርኩ። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ብርሃን በራ። ሦስት ስፒል ሰካሁ። አራተኛው ከከንፈሬ ወደቀ፣ ጥርሴ ስለሚንቀጫቀጭ።

"ይበርድሻል እንዴ እትዬ?" አለችኝ ከላይ።

ደስታ ነው አልኳት።

እየሰካሁ ወደ ኋላዋ መዞር ነበረብኝ። አልዞርኩም። እዚያው አንድ ቦታ ላይ ስፒል እደራርብ ጀመር። ተነሺ እስቲ አለችኝ። ልጨርስ አልኳት። ተነሺ አለችኝ ደግማ፣ የሙሽራ ድምፅ ሳይሆን የሌላ ሰው ድምፅ። መነሳት አቃተኝ። እንደዚያ ተንበርክኬ ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷም አየችኝ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጇ ሰብስባ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። የጮኽኩት ስለ ጉልበቴ አይደለም፤ ወለሉ አልተጠረገም ነበር።

አስቀመጠችኝ፣ ማሰሪያዬን ፈታችው፣ የእጇን ጀርባ አስጠጋች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቀላው?"

"የገበሩ ቀለም ነው።"

"ገበር ትኩሳት የለውም፣ እትዬ።"

ግንባሬን ነካች። እጠፊው አለች፣ አልቻልኩም። ይሄ ዛሬ የሚታይ ነው፣ ለነገ ጠዋት አይቀመጥም አለች። ቬሎሽስ አልኳት። ልቅሶ መጣብኝ፤ አለቃዬስ፣ ሸሪክነቱስ።

"እኔ ያለ ጠርዝም እዳራለሁ" አለች። "አንቺ ያለ ጉልበት ምን ትሆኚያለሽ?"

መቀስ ለአባወራዬ ደውሎ ነበር፣ ሳላየው። በቧንቧ መኪናው መጣ። ቬሎውን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሙሽራዋም አልጠበቀችም፣ ካፖርቷን ደርባ ከቱቦዎቹ መሃል ተቀመጠች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ዘበኛው ለእሷ እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ ለእኔ ደግሞ እናት ሲድሩ እንዲህ ነው፣ አይዞዎት አለኝ።

እሑድ 30

ዛሬ ትኩሳቱ ወርዷል። የክፍሉ ሐኪም መነጽራም ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ መምህር ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ከሎሚዋ ፊት ለፊት ትንሽ ከረጢት አለች አሉኝ፣ ቆዳ ባጥንት ላይ እንዲንሸራተት። መንበርከክ ስታበዢ ትቆጣለች፣ ውሃ ትቋጥራለች። የመጀመሪያው እብጠት ያ ነበር፤ ብታርፊ ይጎድል ነበር። ከዚያ ስፒሉ ተሕዋስ ይዞ ገባ። በመርፌ የቀዱትን አሳዩኝ፣ ድፍርስ ነው። አባወራዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና "ድፍርስ ከሆነ ከውጭ የገባ ነገር አለ" አለ፤ ሐኪሙም ልክ ነህ አሉት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ። ተሕዋሱ ከከረጢቷ አልፎ መገጣጠሚያው ውስጥ ቢገባ ኖሮ በጥቂት ቀን የጉልበቱን ልስልስ አጥንት ይበላው ነበር፤ አልገባም፣ ግን በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ቀዶ ሕክምናም አላስፈለገኝም።

ትንሽ ያፈርኩት አንድ ነገር ላይ ነው። መቼ ጀመረሽ ሲሉኝ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆነው ነው አልኩ። አባወራዬ አንተን፣ ደብተሬን፣ ከትራሴ ሥር አውጥቶ ሰጣቸው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቧቸው፤ 42፣ 43፣ 42 ሳብ ተደርጎ፣ 44። በዚህ ሆስፒታል እንዲህ የተሟላ ታሪክ ይዞ የመጣ በሽተኛ የለም አሉ። ከዚያ የፋርማሲስቱ ምክር ያለበት ገጽ ላይ ደረሱ፣ በዝምታ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጎረቤትሽ እንዴት ናት?" አሉኝ።

ደህና ናት፣ ከጎኔ አልጋ ላይ ናት ልላቸው ነበር፣ አፈርኩ።

ረቡዕ 3፣ አዲስ ወር

እቤት ገባሁ። 42፣ እውነተኛ። ክኒኑን እስከ መጨረሻው እንድጨርስ፣ መንበርከክ እንዲቀር። ያችን መጨረሻዋን በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማኋት። የሙሽራ ቤት ሰፊ ካልተንበረከከች ምንድን ናት? አለቃዬ የምትመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቀጥ ብሎ ይጠብቀኝ አለች። እኔ ራሴ ቀጥ አላልኩም።

መቀስ ሊጠይቀኝ መጣ። የሰባት ቀን ሥራ በወረቀት ጽፎ፣ ምን እንደተሰፋ፣ ምን እንደቀረ፣ የማን ጎን እንደተፈታ። ወንበርሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም አለ። ስለ ስልኩ ጠየቅሁት። አዎ አለቃችን ነበረች አለ፤ በስልክ ስታወሪያት ድምፅሽ ደክሟል ብላ እሷ ነች የደወለችው፣ እኔ ምን አገባኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ብርቱካን ላጥኩለት።

ሰኞ 8

ሥራ ገባሁ። አባወራዬ ትናንት እሑድን ሙሉ ሥራ ቤቱ ውስጥ ከመቀስ ጋር ሲያንኳኳ ውሏል። ከቧንቧ ብረት እግር፣ ከመቀስ አሮጌ ጠረጴዛ ሳንቃ፣ ሦስት ደረጃ፣ መያዣ፤ ደንበኛዋ የምትቆምበት መድረክ ሠርተዋል። እሷ ከላይ ትቆማለች፣ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጠርዙ ልክ ዓይኔ ፊት ይመጣል። ሙሽራዋን ዛሬ አቆምናት፤ በሰላሳ ደቂቃ ዙሪያዋን ጨረስኩ። ድሮ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን መድረክ አላሰበም፤ ሁላችንም እንበረከክ ነበራ፣ ከወለል ሆኖ ምን ይታሰባል።

እሑድ 14

ተዳረች። ጠርዙ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን እኩል። የሚዜ ቁጥር ሁለት እናት የጉልበቱን ልብስ ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው ለካስ ሁለቱም ጉልበታቸው ጠዋት ጠዋት ድርቅ ብሎ ያብጣል። አልሰፋም፣ ይታዩ አልኳቸው። ቅር አላቸው። ሙሽራዋ ከሩቅ በቅንድቧ ጠቀሰችኝ።

ሐሙስ 18

አለቃዬ ተመለሰች። የልጅ ልጇን ፎቶ እንኳ ሳታሳየኝ ሥራ ቤቱን ዞረች። መድረኩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፣ መዝገቡን አየች፣ የመቀስን ወረቀት አነበበች። ከዚያ በሩን ዘግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ሥራ ቤቱ ቀጥ ብሎ ጠብቆኛል" አለች። "የወደቅሽው አንቺ ነሽ።"

አዎ አልኳት። ሌላ ነገር ብዬ የማላውቅ ይመስል አዎ ብቻ። ራዲዮ ጣቢያው ጠፋ። ከእንግዲህ መንበርከክ እንደተከለከልኩ፣ ይህን ሳትሰማ ቃሏን እንዳትጠብቅልኝ፣ ሌላ ሰው ብትፈልግ እንደማልቀየማት ነገርኳት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ከፍ አደረገች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ የቆዳ ጠፍር የሚያህል ወፍራም ጠባሳ፣ ግራው ከቀኙ አንድ ጣት የሚበልጥ። በዓይኔ ለካሁት፣ ልማድ ነው።

"እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መንበርከክ ያቆምኩት አለቃ ስለሆንኩ መስሎሽ ነበር?" አለች። "መንበርከክ ስላቃተኝ ነው አለቃ የሆንኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ካንቺ የምለየው፣ አንቺ ደብተር ይዘሻል።"

ሳቅን። እሷ ቀድማ፣ እኔ ተከትዬ፣ እስክናለቅስ። ውሉን ሰኞ እንፈርማለን። አንድ ነገር ጨምራበታለች። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንም ሰው ተንበርክኮ አይሠራም፤ የቀላ፣ የሞቀ ወይም ያበጠ ነገር ያለበት ሠራተኛ በዚያኑ ቀን ይታያል። ከዚያ እሷን ራሷን መነጽራሙ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ፣ ዛሬውኑ፣ ከነቀሚሷ። አልወደደችውም።

ቅዳሜ 20

ይህን ጥሪ እየገለበጥኩ ለሁሉም እልካለሁ፣ አንተ ላይ ግን አስቀድሜ ልሞክረው።

እህቴ ሆይ ከነክኒንሽ፣ የካውያዋ እመቤት ከነጣትሽ፣ መቀስ ሆይ ከነምላስህ፣ ዶክተር ሙሽራችን ከባልሽ ጋር፣ ስምንቱም ሚዜዎች፣ የሚዜ ቁጥር ሁለት እናት ተመርምረው ከመጡ ብቻ፣ አባወራዬ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቃል ይዘህ። ውሉ ተፈርሞ ሁለት ስም ያለበት አዲስ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ለሁሉም ወንበር አለ፣ ማንም አይቆምም። የሚመጣው ቅዳሜ 27፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሥራ ቤቱ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።